የአብያታን ፊልም በአብያታ ሶዳ ማጠብ፦ ስለ አካባቢና አየር ንብረት ቀውስ የተሠሩ የሙከራ አጫጭር ፊልሞች

ሰገነት (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታገሡኝ።

እኛ አገር ስለ አካባቢና ስለ አየር ንብረት ቀውስ የሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች አብዛኞቹ አንድ መልክ አላቸው። ድሮን ከላይ ይዞራል፣ የተሰነጣጠቀ መሬት ይታያል፣ ዋሽንት ይገባል፣ ተራኪው ቁጥር ይደረድራል፣ መጨረሻ ላይ ችግኝ ይተከላል። ሠሪዎቹ ለፍተዋል፤ ልፋታቸውን አላቃልልም። ግን የሐሮማያውን ከዝዋዩ፣ የዝዋዩን ከቦረናው መለየት ያቅተኛል። ቦታው ራሱ ፊልሙ ውስጥ የለም።

ቦታው ራሱ የሚገባባቸው ፊልሞች አሉ። የሙከራ ፊልም ከሚባለው ዘርፍ ናቸው። ታሪክ አይተርኩም፣ ተዋናይ የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ በካሜራ አልተነሡም።

ቶሞናሪ ኒሺካዋ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የሠራው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። 30 ሜትር ገደማ የሚሆን የ35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ወሰደ። ከፉኩሺማ ዳይቺ የኑክሌር ጣቢያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መንገድ ዳር፣ የረገፈ ቅጠል ሥር ቀበረው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቀብሮ ፀሐይ ስትወጣ አወጣው። ቦታው ከአደጋው በኋላ ሰው እንዲለቅ የተደረገበት ነበር፤ ነዋሪው የተመለሰው የተበከለው አፈር ከተነሣ በኋላ ነው። ፊልሙ ሲታጠብ ሰማያዊ መደብ ላይ የሚርመሰመስ ነጥብና ጭረት ወጣ። ተራኪ የለም፣ ቁጥር የለም። ሌሊቱን እዚያ አፈር ውስጥ ያደረው ፊልም ነው ፊታችን የሚሮጠው።

አሜሪካዊው ዴቪድ ጋተን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ምንም ያልተነሣበት ጥቅል ፊልም የሸርጣን ማጥመጃ ውስጥ አድርጎ ሳውዝ ካሮላይና ባሕር ውስጥ ከተተው። አሸዋው ጫረው፣ ጨዉ በላው። የሚደንቀው ድምፁም ከዚያው መምጣቱ ነው። የ16 ሚሊሜትር ፊልም ጠርዝ ላይ ድምፅ የሚነበብበት መስመር አለ። ባሕሩ ያንንም ስለቧጠጠው ፕሮጀክተሩ ጭረቱን አንብቦ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ጄኒፈር ሪቭስም አለች። ከሌላ ፊልሟ የተረፈውን ቁራጭ ራሷ ባዘጋጀችው የቆሻሻ ጉድጓድ ቀበረችው። አፈሩ ከተጫወተበት በኋላ አውጥታ በእጇ ቀለም ቀባችው። እ.ኤ.አ. 2011 ላይ የወጣ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ። አብያታ ሐይቅ ላይ አንድ አጭር ፊልም እንሥራ። ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። መውጫ የለውም፤ ብዙው ውሃ የሚደርሰው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ነው። ዝዋይ ዙሪያ ለመስኖ የሚሳበው ሲበዛ ቡልቡላ ይደክማል። ሐይቁ ዳር ያለው የሶዳ አሽ ፋብሪካም ሲያመርት የኖረው ከሐይቁ ውሃ ወደ ማትነኛ ገንዳ እየሳበ ነው። ድርቅ ሲጨመርበት ሁሉም ይደራረባል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሶዳ አሽ ማለት ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ማጠብ እንደሚቻል ሳነብ፣ ከቡናው ቀጥሎ የሚያስፈልገው ሶዲየም ካርቦኔት መሆኑን አየሁ። እንግዲህ አስቡት። ውሃው የሸሸበትን ዳርቻ እናነሣለን። ፊልሙን በአገራችን ቡናና ከዚያው ሐይቅ በወጣው ሶዳ እናጥባለን። ሐይቁን ያጎደለው ነገር የሐይቁን ምስል ያወጣዋል።

ፊልም ማጠብ የምታውቁ ሰዎች እዚህ ካላችሁ እባካችሁ ድምፃችሁን አሰሙ።

እንደወረደ

ሰገነት፣ ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ። ግን ፊት ለፊት ልናገር።

ቡልቡላ ዳር ከብት የሚያጠጣ ሰው ይህን ፊልም አይቶ ምን ይጠቀማል? እሱ ማወቅ የሚፈልገው ውሃው ለምን እንደጎደለ፣ ማን ስንት እንደሚስብ፣ አቤቱታ የት እንደሚቀርብ ነው። ለዚህ ተራኪም ቁጥርም ያስፈልጋል። ከሳተላይት የተነሡትን የድሮና የአሁን ምስሎች ጎን ለጎን ስታዪ ክርክር ያበቃል። የተቧጨረ ፊልም ግን ማንም እንደፈለገ ሊተረጉመው ይችላል።

ደግሞስ እነዚህ ሥራዎች የት ነው የሚታዩት? ውጭ አገር፣ ፌስቲቫል ላይ። ችግሩ የኛ፣ ተመልካቹ ሌላ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ጨለማ ክፍል

ልጆች፣ እኔ ፎቶ ቤት ውስጥ ፊልም ሳጥብ ነው ዕድሜዬን የፈጀሁት። የሥነ ጥበቡን ክርክር ለእናንተ ትቼ ስለ እጥበቱ ላውራ።

በቡና ማጠብ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ስኮት ዊሊያምስ የተባለ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር የሞከረው ነው። ምስሉን የሚያወጣው ካፌይኑ አይደለም። ቡናው ውስጥ ያሉት ካፌይክ አሲድና የመሳሰሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ ሶዳ ካልገባበት አይሠሩም።

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ልክ ይኸው። ለ1 ሊትር ውሃ 54 ግራም እርጥበት የሌለው ሶዲየም ካርቦኔት፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ኢንስታንት ቡና። ሶዳውን አስቀድማችሁ አሟሙ፣ ቫይታሚኑን ቀጥሉ፣ ቡናውን መጨረሻ ጨምሩ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 15 ደቂቃ ያህል። ሽታው ይከብዳል፤ መስኮት ክፈቱ።

ሁለት ችግር ይታየኛል። የኛ ቡና ዓረቢካ ነው። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ርካሹ ሮቡስታ ነው፤ የምንፈልገው አሲድ እሱ ውስጥ ይበዛል። የኛው ቡና ይሠራል፤ ግን ከስሎ እስኪጠቁር አትቁሉት። በቆላችሁት ቁጥር ያ አሲድ እየጠፋ ይሄዳል። ለቁርስ የማትጠጡት ዓይነት፣ ገና ቢጫነት ያለው ይሁን፤ ከባድ አድርጋችሁ አፍሉት። የጥብስ ቅጠልም ይሞከራል፤ እሱም ውስጡ ተመሳሳይ ነገር አለ።

ሁለተኛው ችግር ሶዳው ነው። ከሐይቅ ዳር የሚነሣው ንጹሕ ካርቦኔት አይደለም። ባይካርቦኔትም ጨውም አለበት። ባይካርቦኔቱ እጥበቱን ያደክመዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ምጣድ ላይ በደንብ አምሱት። ባይካርቦኔት ሲግል ጋዙን ለቆ ካርቦኔት ይሆናል። ጓንት አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ ዱቄቱ ያቃጥላል።

ሰገነት

ጋሼ፣ እጅግ አመሰግናለሁ! ቡናውንም ሶዳውንም አንድ ምጣድ ላይ ማመስ መቻላችን ደስ አሰኝቶኛል።

እንደወረደ፣ ቁጥር አይጠቅምም አላልኩም። የሳተላይቱን ምስል ለሚኒስቴር ይዘህ ግባ፤ አብሬህ እገባለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። አብያታ ዳር ውሃው የለቀቀው መሬት ላይ ስትሄድ ቅርፊቱ ከእግርህ ሥር እየተሰበረ ይሰማል። ንፋስ ሲነሣ ነጩ ዱቄት ከንፈርህ ላይ ያርፋል፣ ይመራል። ያ መራራ ነገር ቁጥር ውስጥ የለም። እዚያው ዱቄት የታጠበ ፊልም ላይ ግን አለ፤ ነጠብጣቡ፣ ያልተስተካከለው ጥቁረት፣ ቡኒው መደብ ከሱ የመጣ ነው።

የት ይታይ ላልከው ግን ልክ ነህ። ለሱ መልስ የለኝም።

ሜፕል ሥር

ከቶሮንቶ ነኝ። ከኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ማውንት ፎረስት አጠገብ፣ ፊሊፕ ሆፍማን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እርሻ ላይ የሚያካሂደው የፊልም ሥልጠና አለ። ሰዎች ጎተራ ውስጥ በእጃቸው ያጥባሉ፤ ቅርብ ጊዜ ደግሞ ከመስኩ በለቀሙት አበባና ቅጠል። ስለዚህ ሰገነት ያለችው ከባዶ የተነሣ ሕልም አይደለም። መንገዱን የሄዱበት ሰዎች አሉ።

ጥቅል ፊልም አገር ቤት ማግኘት ከባድ ከሆነ እኔ መላክ እችላለሁ። ሱፐር 8 የሚባለው ቀጭን ፊልም አንዱ ጥቅል 15 ሜትር ነው፤ በሰከንድ 18 ፍሬም ካነሣችሁበት 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሆናል። ለአንድ አጭር ፊልም ይበቃል። የሚያመጣው ሰው አየር ማረፊያ ላይ በማሽን እንዳያሳልፈው፣ በእጅ እንዲታይለት ይጠይቅ።

አንድ ሥራ ግን ልጨምር፤ በስልክም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። እንግሊዛዊው ክሪስ ዌልስቢ እ.ኤ.አ. በ1974 ዌልስ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጅረት አጠገብ ካሜራ ተከለ። ሰባት ቀን፣ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ፣ በየ10 ሰከንዱ አንድ ፍሬም። ካሜራው የተቀመጠበት መሣሪያ ከምድር ሽክርክሪት ጋር እኩል ይዞራል። ፀሐይዋ ስትገለጥ ዌልስቢ ካሜራውን ወደ ራሱ ጥላ ያዞረዋል። ደመና ሲጋርዳት ወደ እሷ ይመልሰዋል። የፊልሙን አቆራረጥ የወሰነው ደመናው ነው ማለት ነው። ዌልስቢ ሕጉን አወጣ፣ የቀረውን ለሰማዩ ለቀቀ።

እኔ የሙከራ ፊልም ለአየር ንብረት ጉዳይ ይሆናል ብዬ የማምነው በዚህ ነው። ሌላው ፊልም ውስጥ ተፈጥሮ ከተዋናዩ ጀርባ ያለ ስዕል ነው። እዚህ ግን ደመናው ይወስናል፣ ባሕሩ ይጽፋል። አብያታ ላይም አንድ ሕግ አውጡ። ለምሳሌ ካሜራው የሚነሣው ንፋሱ ዱቄቱን ሲያስነሣ ብቻ ይሁን።

የሐሮማያ ልጅ

እኔ የውሃ ሙያተኛ ነኝ፤ ስለ ፊልም ብዙ አላውቅም። ስለ ድምፅ ግን አንድ ነገር ልበል።

የሐሮማያን ታሪክ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። ዙሪያው ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይሳብ ነበር፣ ከተራራው የሚታጠበው ደለል ይሞላው ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ (በኛ አቆጣጠር) ደረቀ። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል፣ ከጉድጓድ ማምጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውሃው ተመልሷል።

ልጅ ሆኜ የማስታውሰው ምስሉን አይደለም። የውሃ ሞተሮቹን ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከየአቅጣጫው ይንደቀደቃሉ። ሐይቁ እየራቀ ሲሄድ ገበሬው ሞተሩን ተሸክሞ ይከተለዋል፣ ቧንቧ ይቀጥላል። ድምፁ ከቤታችን እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ ጠፋ። የሐይቁን መሸሽ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ይህን ማንም ተራኪ ሊነግራችሁ አይችልም። አንድ ቦታ ላይ የቆመ ማይክሮፎን ግን ይችላል። ዝዋይና ቡልቡላ ዳር ዛሬም ሞተሮቹ አሉ። ስለ ቡናው ብዙ ስትነጋገሩ ድምፁን እንዳትረሱት።

እንደወረደ ላነሣው ደግሞ፦ ፊልሙ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ይሁን፤ ግድግዳ ላይ፣ አንሶላ ላይ። ሦስት ደቂቃ ፊልም፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ውይይት። ቁጥሩን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ማን ስንት እንደሚስብ ለማውራት ሰው መሰብሰብ አለበት፤ ስብሰባ ብለን ስንጠራ ደግሞ ሰው አይመጣም።

እንደወረደ

እንዲህ ከሆነ ሐሳቤን አነሣለሁ። ወንድሜ፣ ሞተሩ እየራቀ ሲሄድ የጻፍከው ልቤን ነክቶታል። ቀኑን ንገሩኝ፣ መኪና አለኝ።

አቦሸማኔ

እኔ ደግሞ ታሪክ ያለው ነገር እወዳለሁ። የኬንያዋ ዋኑሪ ካሂዩ እ.ኤ.አ. በ2009 የሠራችው ፑምዚ የሚባል 20 ደቂቃ ገደማ የሆነ ፊልም አለ። ከውሃ ጦርነት በኋላ ያለች ምሥራቅ አፍሪካ። ሰዎች ዝግ ከተማ ውስጥ ናቸው፤ ላባቸውና ሽንታቸው ሳይቀር ተጣርቶ ይጠጣል። አንዲት የሙዚየም ሠራተኛ ሕይወት ያለው አፈር ይደርሳትና ዘር ልትተክል ትወጣለች። ንግግሩ በጣም ጥቂት ነው። ችግኝ ያለበት ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ለማለት ነው።

ደግሞ አንድ ሐሳብ፦ ሪቭስ ቆሻሻ ውስጥ እንደቀበረችው እኛ ቆሼ ላይ ብንቀብርስ?

እንደወረደ

ቆሼ አይሆንም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሞቷል። ቤተሰቦቻቸው ዛሬም አሉ። ሰው ያለቀበት አፈር ውስጥ ፊልም ቀብሮ ማውጣት እኔ አይዋጥልኝም። ቆሼ ላይ ፊልም ይሠራ ከተባለ እነሱ ራሳቸው ይሥሩት፣ ወይም እነሱ ይፍቀዱ።

አቦሸማኔ

ተቀብያለሁ። ልክ ነህ።

ጣና ዳር

ባሕር ዳር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ ጥያቄ፦ ካሜራም ጨለማ ክፍልም ለሌለው ትምህርት ቤት የሚሆን ዘዴ አለ? እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ተማሪዎቼ ስለሱ ሲሰሙ ነው ያደጉት። የነቀሉም አሉ። ቀርቦ ያየው ግን ጥቂት ነው። የቅጠሉ ዘንግ ለምን ያበጠ እንደሆነ ስጠይቃቸው ዝም ይላሉ። ሲቆረጥ ውስጡ አየር የያዘ ክፍልፋይ ነው፤ የሚንሳፈፈው በዚያ ነው።

ሜፕል ሥር

መምህር፣ አለ እንጂ! ካሬል ዶይንግ የሚባል ኔዘርላንዳዊ ፊልም ሠሪ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ፋይቶግራም ይባላል። ቅጠሉን ሶዳና ቫይታሚን ሲ በተበጠበጠበት ውሃ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ በቀን ብርሃን ያስተኙታል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ኬሚካል ራሱ ፊልሙን ያጥበዋል። የቅጠሉ ጅማት አንድ በአንድ ይታተማል። ካሜራ የለ፣ ጨለማ ክፍል የለ። ብርሃኑ እንዳያጠፋው ሲደርስ ሃይፖ የሚባለው ምስል ማጽኛ ኬሚካል ውስጥ መክተት ብቻ ነው።

ጨለማ ክፍል

ፊልም ከየት ትሉ እንደሆነ፣ የራጅ ፊልም ይሆናል። ብዙ ሆስፒታል ወደ ዲጂታል ስለዞረ ጊዜው ያለፈበት ፓኬት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠበት አይጠፋም። መምህር፣ በደብዳቤ ይጠይቁ። የራጅ ፊልም ሁለቱም ገጹ ላይ ብርሃን የሚይዝ ልባስ አለው፤ ቅጠሉን በሁለቱም በኩል ማስተኛት ይቻላል። ፕሮጀክተር ውስጥ አይገባም፤ እያንዳንዱን በስልክ አንሥታችሁ ተራ በተራ ካስኬዳችኋቸው ግን ፊልም ይሆናል። 60 ተማሪ ያለበት አንድ ክፍል አንዳንድ ቅጠል ቢያትም፣ በሰከንድ 12 ምስል ቢሄድ፣ አምስት ሰከንድ አላችሁ። አምስት ክፍል ካለ 25 ሰከንድ።

ጣና ዳር

በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ማሳሰቢያ እኔም ላድርግ። እምቦጩን ወደ ሌላ ውሃ ዳር ይዞ መሄድ አይገባም፤ ቁራጩም ይራባል፣ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እዚሁ እናትማለን፣ የተረፈውን ደረቅ መሬት ላይ አድርቀን እናቃጥላለን። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የታተመው ፊልም ብቻ ነው።

የሐሮማያ ልጅ

ስለ ማሳሰቢያ ካነሣን፣ ሰገነት፣ ፊልሙን ሐይቁ ውስጥ መክተትም ሐሳብ አለ? ፊልም ፕላስቲክ ነው፣ ብርም አለበት። አብያታ መውጫ የለውም ብለሻል፤ የገባው እዚያው ይቀራል። ወፎቹ በቂ ችግር አለባቸው። ሻላ ሐይቅ ላይ ጎጆ የሚሠሩት ይብራዎች (ፔሊካኖች) ዓሣ የሚያጠምዱት አብያታ ነበር። ጨዋማነቱ ሲጨምር ዓሣው አለቀ፣ እነሱም ሌላ ቦታ ፍለጋ ሄዱ።

ሰገነት

ሐይቁ ውስጥ አንከትም። ውሃውን በባልዲ ቀድተን እንዘፈዝፈዋለን። ባልዲው ይዘነው ይመለሳል። አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ ለቀረጻም ሶዳውን ለማንሣትም ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ እንጠይቃለን። እስካሁን ያለን፦ ሜፕል ሥር ሁለት ጥቅል ሱፐር 8 ትልካለች፣ የሐሮማያ ልጅ ድምፅ ይቀዳል፣ እንደወረደ ይነዳል፣ ጋሼ እጥበቱን ይመራሉ። ካሜራ እኔ አለኝ፤ ፊልም መጎተቱን ግን ማየት አለብኝ። የምንሄደው በበጋ፣ ንፋሱ በሚበረታበት ጊዜ ቢሆን ይሻላል። ጋሼ፣ ሃይፖ የማይገኝ ከሆነስ? በጨው ይሆናል የሚሉ አንብቤያለሁ።

ጨለማ ክፍል

በጨው ይሆናል፤ ውሃው አልሟሟም እስኪል ድረስ ጨው ጨምሩበት። ግን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፣ እኩል አይይዝም። ለዚህ ፊልም ምናልባት አለመስተካከሉ ይስማማችሁ ይሆናል። እኔ ብጠየቅ አንዱን ጥቅል በሃይፖ፣ ሌላውን በጨው አደርገዋለሁ።

በሁለቱም መንገድ የተጠቀማችሁበት ውሃ ውስጥ ብር አለ፤ መሬት ላይ እንዳታፈሱት። ሃይፖውን ጀሪካን ውስጥ አድርጉና የሚዝግ ዓይነት የብረት መፈግፈጊያ ሽቦ ክተቱበት። ብረቱ እየሟሟ ብሩ እታች ይዘቅጣል። የማይዝገው ሽቦ አይሠራም። ቀናት ይወስዳል። የዘቀጠውን ብር ሰብስባችሁ ብር አንጥረኛ ጋ ውሰዱት፤ የጨው ውሃውን ጀሪካን ደግሞ ለእኔ አምጡልኝ።